ደንበኛን ከባንኮኒው ወዲህ ማሳለፍ፦ ለትንሽ ንግድ ዝርዝር መመሪያ

በአማርኛ «ደንበኛ» የሚባለው ገዢው ብቻ አይደለም። ገበያ ስትወጡ ሻጩ «ደንበኛዬ፣ ነይ ወዲህ» ይላል። ገዢዋም ቤቷ ገብታ «ደንበኛዬ ጋ ነው የገዛሁት» ትላለች። ሥጋ ቤት ደንበኛ አለን። ልብስ ሰፊ ደንበኛ አለን። ሽንኩርት የምታቆይልን ደንበኛ አለችን። ቃሉ ሁለቱንም ወገን ያስራል። እኔ ቃሉን በቀን መቶ ጊዜ እየተጠቀምኩበት፣ ትርጉሙን በቅጡ ያሰብኩበት ግን ገዢዎቼ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ከጠፉ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የባልትና ሱቅ አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ቆሎ እሸጣለሁ። አንድ ዓመት ዛላ በርበሬ ሲወደድ ከለመድኩት ነጋዴ ትቼ ከሌላ ገዛሁ። ኮረሪማውንም ትንሽ ቀነስኩ። ማንም አልተናገረኝም። «እንዴት ነው በርበሬው?» ስላቸው «ጥሩ ነው፣ ምን ይወጣለታል!» ይሉኛል። ከዚያ አይመለሱም። ወራት ካለፉ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጡና የገዙትን ላስቲክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይሄ ቀይ ነው እንጂ በርበሬ አይደለም» አሉኝ።

«እማማ፣ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መቼ ጠየቅሽኝ? እንዴት ነው አልሽ እንጂ ምን ይሻላል አላልሽም።»

ይህ መመሪያ በሙሉ ከዚያ መልስ የወጣ ነው። «እንዴት ነው?» ሲባል ሰው በይሉኝታ ያመሰግናል። «ምን ይሻላል?» ሲባል ግን ጭንቀቱን ይካፈላል። ቤተሰብ ሲቸገር የሚባለው ይኸው ነው፤ «ምን ይሻለናል?»። ደንበኛን የሥራ አጋር ማድረግ ይህን ጥያቄ ነገሩ ገና ሳይወሰን መጠየቅ፣ መልሱን መፈጸም፣ የሆነውንም ተመልሶ መንገር ነው። ከዚህ በታች ያለው እኔ ያደረግኩት ነው። ዳቦ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ጋራዥ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ በየራሳችሁ ሥራ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

እርምጃ 1፦ ገና ያልተወሰነ አንድ ጥያቄ ምረጡ

«ደንበኞቼን ላማክር» ብሎ መነሳት ጥሩ ነው። በዚያው ከቆመ ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጥያቄ ያዙ፣ አንድ ብቻ። ጥያቄው እናንተ ያልወሰናችሁበት መሆን አለበት። ደንበኛው በእጁ፣ በምላሱ ወይም በኪሱ የሚያውቀው መሆን አለበት። መልሱ የትኛውም ቢሆን ልትፈጽሙት መቻል አለባችሁ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው መጨረሻው ላይ ነው። ማሸጊያውን አሳትሞ ጨርሶ «የትኛው ቀለም ያምራል?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ሰው ይህን ወዲያው ይነቃበታል። አንዴ ከነቃ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን አይነግራችሁም።

የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከእነዚህ ሦስት አዘገጃጀቶች ዓመቱን ሙሉ የትኛውን ልያዝ?» የሚል ነበር። ዳቦ ቤት ቢሆን «የማታው ዳቦ ስንት ሰዓት ይውጣ?» ሊሆን ይችላል። ጸጉር ቤት ቢሆን «እሁድ ከፍተን ሰኞ ብንዘጋስ?»። ጋራዥ ቢሆን «የዕቃ ዋጋ ከመግዛታችን በፊት እንዴት እናሳውቃችሁ?»። ትንሽ ይመስላሉ። ትንሽ መሆናቸው ነው የሚጠቅመው፤ በሳምንት ውስጥ ልትፈጽሟቸው ትችላላችሁ።

ለድምፅ የማይቀርቡ ነገሮችም አሉ። ንጽሕና፣ ጤና፣ ሕግና የሠራተኛ ደመወዝ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በእኔ ሥራ ትልቁ የዛላው ድርቀት ነው። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። መርዙ በዓይን አይታይም፣ ወጡ ስለበሰለም አይጠፋም። እርጥብ በርበሬ ሚዛን ስለሚደፋ ለሻጭ ፈተና ነው። ለስለስ ስለሚል ደግሞ የሚወደው ገዢ አይጠፋም። ሃያ ሰው ቢለምነኝም አልሸጠውም። እንዲህ ያሉትን ገና ከመጀመሪያው «በዚህ ላይ አንነጋገርም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብላችሁ ተናገሩ። ማንም አይቀየማችሁም።

እርምጃ 2፦ ሠራተኞቻችሁን አስቀድሙ

ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ተጎድቻለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኞች ጠርቼ ስናወራ፣ ለዓመታት ቅመም የምትመጥንልኝ ሴት ጓዳ ሆና ሁሉን ትሰማ ነበር። ጨው በዛ አሉ። አብሹ መረር አለ አሉ። ማታ ሽርጧን አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «እኔን ሳትጠይቂ እነሱን ጠየቅሽ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሰው አማልጄ ነው የተመለሰችው።

አሁን ደንበኛ ከመጠራቱ አንድ ሳምንት በፊት ያንኑ ጥያቄ ለሠራተኞቼ አቀርባለሁ። መልሳቸውን በስማቸው እጽፋለሁ። በሚባለው ነገር የማንም ደመወዝ እንደማይነካ በግልጽ እናገራለሁ። ዕለቱ ሲደርስ ድስቱ ላይ የምትቆመውም፣ ደንበኞቹን የምትጠይቀውም ያቺው ቅመም የምትመጥነው ሴት ናት። የራሷ ሙያ ስለሆነ ጥያቄዋ ከእኔ የሰላ ነው። እኔ «ጣዕሙ እንዴት ነው?» እላለሁ። እሷ «ከዋጣችሁት በኋላ ጉሮሮ ላይ ይቆያል ወይስ ቶሎ ይሄዳል?» ትላለች።

እርምጃ 3፦ ሰዎቹን ምረጡ

ከስምንት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ሠርግ ይሆናል፤ ዝምተኛው ሳይናገር ይመሻል።

ስማቸውን ከየት ታገኛላችሁ? የዱቤ ደብተራችሁን አውጡ። የዱቤ ደብተር ማን በየስንት ጊዜው፣ ምን ያህል፣ ለምን በዓል እንደሚገዛ ቁጭ ብሎ የሚናገር ሰነድ ነው። ዱቤ ለማትሰጡ ደግሞ የቴሌብርና የባንክ የክፍያ መልእክቶች አሉ። ከዚያ ውስጥ የተለያየ ኑሮ ያላቸውን ፈልጉ። እኔ የጠራኋቸው እነዚህ ነበሩ፦ ለብዙ ቤተሰብ የሚያበስሉ እናት፣ ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት፣ ብቻውን የሚኖር ወጣት፣ አሜሪካ ላለች እህቷ በዓመት ሁለቴ የምትልክ ደንበኛ፣ ገና ያገባች ልጅ፣ ልጆቻቸው አረብ አገር የሚሠሩ አባት። እንዲሁም ትተውኝ የሄዱ ሁለት ሰዎች።

ትተው የሄዱትን መጥራት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። ከሁሉም የሚጠቅሙት ግን እነሱ ናቸው። ሌላው ደንበኛ ስለሚመጣው ነገር ይገምታል። እነሱ ግን ውሳኔያቸውን ወስነው ጨርሰዋል፤ ምክንያቱንም ያውቁታል።

ዘመድና የቅርብ ጓደኛ አትጥሩ፤ ሊያስከፏችሁ አይፈልጉም። ከአሥሩ ግማሹን ራሳችሁ ከመረጣችሁ በኋላ የቀሩትን ደግሞ እንደ ዕቁብ በዕጣ አውጡ። ዕጣ ጥሩ ነው። «እከሌን ጠርታ እኔን ተወችኝ» የሚል ቅሬታ አያስነሳም። ደግሞም እናንተ መቼም የማትመርጡትን ሰው ያመጣላችኋል።

እርምጃ 4፦ አጠራር

በቴሌግራም መልእክት አትጥሩ። ደውሉ፣ ወይም ሱቅ ሲመጡ በቃል ንገሯቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ንግግር አይሆንም። ለእማማ ያልኩት ይህ ነበር፦

«እማማ፣ የእርስዎን እጅ ፈልጌ ነው። ሦስት ዓይነት በርበሬ አዘጋጅቻለሁ፤ የቱን እንደምይዝ ጨንቆኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢያውሱኝ? እርስዎ ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ አልልም። ግን ምን እንዳደረግኩና ለምን እንደሆነ ተመልሼ እነግርዎታለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሉ። ቃል የገባችሁት የምትችሉትን ያህል ብቻ መሆን አለበት። ለምግብ ቤቷ ባለቤት ደግሞ ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋሁት፤ የምሳ ሩጫ ሳያልቅ ሊያገኛት የሚችል የለም። የመጡበትን የትራንስፖርት ወጪ ሸፍኑ። ለመጥፎ አስተያየትም ለጥሩ አስተያየትም እኩል እንደምታመሰግኑ በሚታወቅ መንገድ ነው ይህ መደረግ ያለበት፤ ስለዚህ ገና እንደገቡ ስጧቸው።

እርምጃ 5፦ የቅምሻው ቀን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን አስተውሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ረመዳን፣ የዓርብ ስግደት ሰዓት፣ የሰፈሩ ዕድር ስብሰባ። ወጡን የጾም አድርጉት። የጾም ምግብ ሁሉም የሚበላው ነው፤ ሥጋው የየት ነው፣ ማን አረደው የሚል ጥያቄም አይመጣም። እኛ ቀለል ያለ የድንች ወጥ ነው የሠራነው። ሥጋና ቅቤ ቢገቡበት የበርበሬውን ጉድለት ይሸፍኑታል።

በርበሬን በዱቄቱ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ዘይትና እሳት ካላገኘ አይናገርም። ስለዚህ ሦስት እኩል ድስት አቀረብን። በእያንዳንዱ እኩል ሽንኩርት፣ እኩል ዘይት፣ በማንኪያ ተለክቶ እኩል በርበሬ ገባ። የሚቁላላበትን ደቂቃ በስልክ ሰዓት ያዝን። ድስቶቹ ላይ ስም አልጻፍንም። አንዱ ላይ ቀይ ክር፣ አንዱ ላይ ነጭ፣ አንዱ ላይ ጥቁር አሰርን። የትኛው ውድ እንደሆነ፣ የትኛው የድሮው እንደሆነ የምናውቀው እኔና ቅመም የምትመጥነው ልጅ ብቻ ነበርን። በየመካከሉ ባዶ እንጀራና ውሃ ይሰጣል። ከአራት ዓይነት በላይ አታቅርቡ፤ ከዚያ በኋላ ምላስ ይደነዝዛል።

አሁን ዋናው ነገር። ከመናገራቸው በፊት ይምረጡ። እኛ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው «የነጩ ክር ይሻላል» ካለ ነገር አለቀ። ልጆቹ ሁሉ «ልክ ናቸው» ይላሉ። ይህ አክብሮት ነው፣ አልነቅፈውም፤ ለቅምሻ ግን አይሆንም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ ሰጠን። ከየድስቱ ጀርባ የተከደነ ኩባያ ነበር። የወደዱት ላይ ሽምብራውን፣ ያልወደዱት ላይ ባቄላውን ይጥላሉ። መጻፍ ለማይችልም፣ መጻፍ ለሚያፍርም ይመቻል። ሁሉም ጥሎ ሲጨርስ ኩባያዎቹን ፊታቸው ከፍተን ቆጠርን። ከዚያ ነው ወሬ የተከፈተው። ወሬውም ከትንሹ ሰው ጀምሮ ወደ ትልቁ ይሄዳል። እማማ መጨረሻ ናቸው። «የመጨረሻውን ቃል ለእርስዎ አስቀመጥኩ» ስላቸው ደስ አላቸው።

አንድ ሰው ጸሐፊ ይሁን። እናንተ ግን አትጻፉ፣ አትከራከሩም። «እሱማ ዛላው ስለተወደደ ነው» ብላችሁ ከመለሳችሁ ቀጣዩ ሰው ዝም ይላል። ምላሳችሁን ነክሳችሁ «እሺ፣ ሌላስ?» በሉ። እኔን ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር።

ሽምብራው ለሁለት ተከፈለ። እማማና ያገባችው ልጅ ቀይ ክር ያለውን መረጡ፤ የቀደመው የቤቴ በርበሬ ነበር፣ ኮረሪማው የተመለሰለት። የምግብ ቤቷ ባለቤት ግን ጥቁሩን መረጠች። ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አንስታ ነጭ ሶፍት ላይ አሸችው፣ የቀረውን ቀለም ብርሃን ላይ አየችው። «እኔ ቅመሙን ራሴ እጨምራለሁ። ከአንቺ የምፈልገው ቀለም ያለውና ወጥ የሚያወፍር በርበሬ ነው» አለች። ለካስ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ በርበሬ ስሸጥ ነው የኖርኩት።

ያልጠየቅኩት መልስ ደግሞ ከወጣቱ መጣ። «እኔ ግማሽ ኪሎ እንኳ ሳልጨርስ ሽታው ይጠፋል። ሩብ ኪሎ ብትሸጪ በየወሩ እመጣለሁ» አለ። አሜሪካ የምትልከዋ ደግሞ ላስቲኩ ሻንጣ ውስጥ ፈንድቶ የእህቷን ነጭ ነጠላ እንዳበላሸ ተናገረች። ነጠላውን ስትገልጽ እጇ ራሷ ደረት ላይ ሄዶ ነበር። እኔ ስለ ጣዕም ስጨነቅ እሷን ላጣት የነበረው በላስቲክ ምክንያት ነው።

እርምጃ 6፦ ወጪያችሁን አሳዩ

ሰው ዋጋ ላይ እንዲያማክራችሁ ከፈለጋችሁ ሒሳቡን ማየት አለበት። ነጋዴ ይህን ይፈራል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ሁሉንም መግለጥ አያስፈልግም። ከ100 ብር ሽያጭ ላይ የት የት እንደሚሄድ ማሳየት ይበቃል። ለምሳሌ ያህል፦ ዛላ 58፣ ቅመም 14፣ የሠራተኛ 9፣ ኪራይና ማሸጊያ 7፣ ማስፈጫና ትራንስፖርት 6፣ ለቤቱ የሚቀር 6። የእናንተ ቁጥር ሌላ ይሆናል። ቁጥሩን አታሳምሩት። አንዴ ውሸት ከተገኘበት ከዚያ በኋላ የምትናገሩት ሁሉ ይጠረጠራል።

ዛላ እንደገና ሲወደድ ዝም ብዬ ዋጋ አልጨመርኩም። ይህን ወረቀት ይዤ ሦስት መንገድ አቀረብኩ። ዋጋ እንጨምር፣ ወይስ ዋጋው ባለበት ሆኖ መጠኑ ይቀነስ፣ ወይስ ለጊዜው ርካሽ ዛላ እንቀላቅል? ሦስተኛውን ማንም አልመረጠም። «ቀላቅለሽ ከምትሸጪልን ጨምሪ» አሉ። ዋጋው ሲጨምር ሌላው ገዢ ሲያማርር የመለሱለት እነሱ ነበሩ። እኔ ብናገረው የነጋዴ ወሬ ይሆን ነበር።

እርምጃ 7፦ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ስጡ

አጭር ነው፣ ግን ይህን ካልሠራችሁ የቀደመው ሁሉ ከንቱ ነው። አንድ ወረቀት ለሦስት ክፈሉ። «ተቀብለናል»፣ «አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም…»፣ «እያየነው ነው፣ እስከዚህ ቀን»። ሚዛኑ አጠገብ ለጥፉት፤ ሁሉም ሰው ሚዛን ያያል። ለተሳተፉት ደግሞ ደውሉ።

የእኔ ወረቀት እንዲህ ይል ነበር። ተቀብለናል፦ ሁለት ዓይነት በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ፣ ለመንገደኛ ድርብ ላስቲክ። አልተቀበልንም፦ ቤት ድረስ ማድረስ፤ የሚያደርስ ሰው ለመቅጠር ሽያጫችን ገና አይበቃም። እያየነው ነው፦ የተፈጨበትን ቀን ላስቲኩ ላይ መጻፍ። «አልተቀበልንም» የሚለውን አትፍሩት። ለምን እንደሆነ ከተነገረው ሰው አይከፋውም። የሚከፋው ድምፅ ሲጠፋ ነው።

እርምጃ 8፦ ድርሻቸውን ስጡ

ምክሩ ገንዘብ ካስገኘላችሁ የሰጠው ሰው ባዶ እጁን መቅረት የለበትም። ምርቃት ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጥ ነው፤ ለዚህ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ሁለት ቤቶች ይህን እንዴት እንደሠሩት ልንገራችሁ። አንዱ በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ ነው። በ1844 እ.ኤ.አ. ሸማኔዎችን ጨምሮ 28 ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር የሚሸጡት። ትርፉ ለአባላቱ የሚከፋፈለው በገዙት መጠን ነበር። ብዙ የገዛ ብዙ ያገኛል። ድምፅ ሲሰጡ ግን አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው። ዛሬ በየቀበሌው የምናውቀው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አስተሳሰቡ ከዚያ ሱቅ ጋር ይዛመዳል።

ሌላው የዴንማርኩ የልጆች መጫወቻ አምራች ሌጎ ነው። ደንበኛ የራሱን ሐሳብ ያቀርባል። 10,000 ደጋፊ ካገኘ ድርጅቱ ይመረምረዋል። ተመርቶ ከተሸጠ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ከተጣራ ሽያጩ 1 በመቶ ያገኛል። ትንሽ ትመስላለች። ግን አስቀድማ የታወቀች፣ የተጻፈች ድርሻ ናት፤ ጭቅጭቅ የላትም።

እኔ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ወስጃለሁ። የሩብ ኪሎውን ሐሳብ ያመጣው ወጣት ለስድስት ወር በርበሬና ሽሮ በነጻ እንዲወስድ በጽሑፍ ተስማማን። ሌሎቹ ደግሞ በበዓል ሰሞን በገዙት መጠን ተመላሽ ያገኛሉ። ምንም ቢሆን ለሙገሳ አትክፈሉ። «ስለ እኛ ጥሩ ጻፊልን፣ ግማሽ ኪሎ እንሰጥሻለን» ያላችሁ ቀን አማካሪያችሁን ወደ ማስታወቂያ ሠራተኛ ለውጣችኋታል።

እርምጃ 9፦ ገንዘባቸው ከገባበት

ነገሩ ሲሞቅ «እኛም ገንዘብ እናዋጣ» የሚል ይመጣል። ደስ ይላል፣ ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ።

ቀላሉ ቅድሚያ ክፍያ ነው። አዲሱ ዛላ ገበያ ሲገባና ዋጋው ሲረግብ፣ ደንበኞች የዓመት በርበሬያቸውን ቀድመው ይከፍላሉ፤ እናንተ በዚያ ገንዘብ በብዛት ትገዛላችሁ። እኔ የምከተለው ደንብ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው የተፈረመ ደረሰኝ እሰጣለሁ፤ ስንት ኪሎ፣ መቼ፣ ካልደረሰ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፍበታል። ገንዘቡ ከሱቁ ሒሳብ በተለየ የባንክ ደብተር ይቀመጣል። ከዚያ ላይ ኪራይ አይከፈልም፣ የልጅ ትምህርት ቤትም አይከፈልም። ከደንበኞቹ አንዱ ልክ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ ደብተሩን በየወሩ ያያል።

ከዚያ በላይ ስትሄዱ ሕግ አለ። ደንበኛን ባለድርሻ ለማድረግ ከፈለጋችሁ የንግድ ሕጉን፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013ን አንብቡ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከ50 በላይ አባላት ሊኖሩት አይችልም። ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የሚመራ ነው፤ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ «አክሲዮን ግዙኝ» ብሎ መለጠፍ አይቻልም። ከሰው ገንዘብ ተቀብሎ በወለድ እመልሳለሁ ማለትም ያለ ፈቃድ የባንክን ሥራ መሥራት ሊሆንባችሁ ይችላል። ደንበኞቻችሁ በእኩል ድምፅ የሚመሩት ነገር ከፈለጋችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አለ። ከሁሉም በፊት አንድ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። የአንድ ሰዓት ምክር የሚያስከፍለው ከአንድ ክስ ያንሳል።

እርምጃ 10፦ ስለ ቴሌግራም ግሩፕና ስለ ስልክ ቁጥር

ግሩፕ ይጠቅማል፤ ለማሳወቅ። ለማማከር ግን አይሆንም። ሁለት ሰዎች ይጽፋሉ፣ ሰማንያው ያነባል። ደግሞም ደንበኞቻችሁን ግሩፕ ውስጥ ስትጨምሩ የአንዱን ስልክ ቁጥር ለሌላው ልታሳዩ ትችላላችሁ፤ ቅንብሩን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስምና ቁጥር እንደፈለጉ የሚበትኑት ነገር አይደለም። የዱቤ ደብተሩም እንደዚያው ነው። ቅምሻ ላይ ባንኮኒ ላይ ተከፍቶ አይቀመጥ። የሰው ዕዳ ነው ያለበት።

ሥራችሁ መሻሻሉን ለማወቅ የተወሳሰበ ነገር አያስፈልግም። ባለፈው ወር የገዙ ሰዎችን ስም ጻፉ። በዚህ ወር የተመለሱት ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክት የሌለባቸው ሲበዙ ጊዜው የቅምሻ ነው። እኔ ይህን በየወሩ መጨረሻ፣ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ሻይ እየጠጣሁ እሠራዋለሁ።

እርምጃ 11፦ ወንበሩን አዙሩ

አማካሪ የሆነ ደንበኛ ከዓመት በኋላ የቤት ሰው ይሆናል። የቤት ሰው ደግሞ ማዘን ይጀምርላችኋል፤ ጉድለታችሁን ይሸፍናል። አንዳንዱም በተቃራኒው ሱቁ የእሱ ይመስለዋል፤ ሠራተኛ ያዛል፣ ሰልፍ ይዘላል። ሁለቱንም የሚያስተካክለው ተራ ነው። በየስድስት ወሩ ግማሹ ይውጣ፣ ግማሹ ይቆይ። ይህን ገና ስትጠሯቸው ንገሯቸው፤ በኋላ ከሆነ ማባረር ይመስላል። የሚወጣ ሰው የሚተካውን ራሱ ይዞ ቢመጣ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

እማማ ተራቸው ሲደርስ አንዲት ጎረቤታቸውን ክንዷን ይዘው መጡ። ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፣ ነጠላዋንም አስተካከሉላት። «ይቺ በሽሮ ከእኔ ትበልጣለች፤ እኔ በርበሬ እንጂ ሽሮ ላይ ላመል ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «እንዳትፈሪያት። ስትጠይቅሽ ደህና ነው እንዳትያት» አሏት። የሚቀጥለው ጥያቄያችን የምጥን ሽሮ ነው፤ ከአተር፣ ከሽምብራና ከባቄላ የቱ ይብዛ የሚለው።